ቱሉ ሀሮ ላይ ጫት የለም

ጥር 18 ቀን 1974፣ አሰበ ተፈሪ

ዛሬ ከአዲስ አበባ የመጣውን ፖስታ የከፈትኩት እኔ ነኝ። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ጓድ ነጋሽ መነጽራቸውን ቤት ረስተው ስለመጡ «አንብብልኝ» አሉኝ። የደን ክልሎችን ወሰን የሚለውጥ ድንጋጌ ረቂቅ ነው፤ አሥራ ሁለት ገጽ። በአባሪው ላይ ከእኛ አውራጃ አራት ደኖች ተዘርዝረዋል። ሁለተኛው ቱሉ ሀሮ ነው። የድሮው ወሰን በተራራው ወገብ ላይ ያልፍ ነበር፤ አዲሱ እስከ ወንዙ ድረስ እንዲወርድ ታስቧል። ትክክለኛው መስመር ግን የሚወሰነው «በአውራጃው ባለሙያ የመስክ ጥናት መሠረት» ነው ይላል።

የአውራጃው ባለሙያ እኔ ነኝ። ሌላ የለም።

ከኮሌጅ ወጥቼ እዚህ ከተመደብኩ ሦስት ወሬ ነው። ሦስቱንም ወር የችግኝ ሪፖርት ስገለብጥ ከረምኩ። አሁን ግን በሃያ ሦስት ዓመቴ እኔ የማሰምረው መስመር ሕግ ሊሆን ነው። ለእናቴ ልጽፍላት ብዕሬን አንስቼ ነበር፤ ጓድ ነጋሽ «ረቂቅ ነው፤ አይወራም» ስላሉ ተውኩት። ለዚህ ደብተር ማውራት ግን የሚከለከል አይመስለኝም።

የከተማው የመጠጥ ውሃ የሚነሳው ከቱሉ ሀሮ እግር ሥር ነው። ያ ተዳፋት ከተራቆተ ምንጩ ይደርቃል። ይህን ከልቤ አምናለሁ። ዝና ፈልጌ አይደለም።

ጥር 24

ከታጁዲን ጋር ቱሉ ሀሮ ወጣን። ታጁዲን የደን ዘበኛችን ነው፤ የዚሁ አገር ልጅ፣ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል የሚናገር። ኮምፓስ፣ የሃምሳ ሜትር ገመድ፣ አንድ ቆርቆሮ ቀይ ቀለም። ከወንዙ እስከ ወገቡ ሁለት ሰዓት ያስኬዳል። ጽድ፣ ወይራ፣ ከላይ ደግሞ ዝግባ። አንዱን ግንድ ሁለታችን እጅ ለእጅ ተያይዘን አቅፈን አልደረስንበትም። አምስት ጉሬዛ አየሁ።

ከወገቡ በታች ሜዳማ ቦታ አለ፤ መሐሉ ላይ ኩሬ። ሀሮ ማለት ኩሬ ነው አለኝ ታጁዲን። ሠላሳ አራት ቤተሰብ ዙሪያውን ሰፍሯል። ከጎጆዎቹ ጀርባ፣ ከዝግባው ጥላ ሥር፣ ጫት። የሰው ቁመት ያህላል፤ ጫፉ በቅርቡ ተቀንጥቧል።

«የማን ነው?» አልኩት።

«እነሱን ይጠይቋቸው» አለኝ፣ ወደ ሌላ ወገን እያየ።

ጥር 27

ዛሬ ሠላሳ አራቱንም ጠየቅኩ። ደክሞኛል፤ ግን ሳልጽፈው አላድርም።

በኮሌጅ የተማርነው ግልጽ ነው፤ ተጠያቂው የጥያቄውን ዓላማ ካወቀ መልሱ ይጣመማል። ስለዚህ ረቂቁን አላነሳሁም። «ለመረጃ ነው» አልኩ። ጓድ ነጋሽም አይወራም ብለዋል።

የመንደሩ ሽማግሌ ኦቦ ሙሜ ናቸው። አንድ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል፤ በሌላው ግን የሰው ውስጥ ያያሉ። «ከኩሬው በላይ፣ ደኑ ውስጥ፣ ተክል ያለው ማነው?» ብዬ ጠየቅኩ። ታጁዲን ተረጎመ። ኦቦ ሙሜ ራሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ።

«ተክል የለም። እኛ ታች ነው የምናርሰው። ማሽላ።»

«ጫቱስ?»

«የቱ ጫት?»

«ያ፣ ከጀርባዎ ያለው።»

ዘወር ብለው አዩት፤ ገና ዛሬ የበቀለ ይመስል። «እሱ የጫካው ነው። ወፍ ናት የተከለችው።»

«በረድፍ?»

«የኛ አገር ወፍ ሥርዓት ታውቃለች።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ዘይቱና የምትባል ሴት ተራዋ ደረሰ፤ ባሏ መስዑድ በሶማሌው ጦርነት ጊዜ ነው የሞተባት። «ጫት? እኔ መቼ ጥርስ አለኝ» አለች፣ ሠላሳ ሁለቱንም እያሳየችኝ።

ለእያንዳንዱ ቅጽ ሞላሁ፦ «በደኑ ውስጥ ቋሚ ተክል የለኝም።» ከሥሩ አሻራ። ስንጨርስ አውራ ጣታቸውን በጫት ቅጠል ነው የጠረጉት።

ባለሙያ የሚጽፈው የተነገረውን ነው። መገመት የእኔ ሥራ አይደለም። ይህን ስመለስ መንገድ ላይ ለታጁዲን ነገርኩት። «እሺ» አለ።

የካቲት 2

ካርታው አለቀ። በሀሮ በኩል መስመሩ መንደሩን ለማስቀረት ወደ ላይ ይጎብጣል ብዬ ሰግቼ ነበር። ይዞታ ከሌለ ግን የሚያጎብጠው ነገር የለም፤ ወንዙን ይዞ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። በቀይ ቀለም አሰመርኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ መስመር አስምሬ አላውቅም።

ጓድ ነጋሽ በመስኮቱ ብርሃን ይዘው አዩት። «ቆንጆ ነው» አሉ። ቆይተው ደግሞ «እዚያ ጫት አላየህም?» አሉኝ።

«ሠላሳ አራቱም የለንም ብለው አሻራ አድርገዋል።»

መነጽራቸውን አወለቁ፤ አዩኝ። «አሻራ ካለ፣ አለ» አሉ።

የካቲት 9

ተላከ። ጸሐፊያችን አዳነች ሸኚ ደብዳቤውን ስትመታ «በሌ፣ ይኸ ካርታህ ጀርመን ያደርስሃል» አለችኝ። ከዋናው መሥሪያ ቤት ለምሥራቅ ጀርመን የሁለት ዓመት ትምህርት እጩ ጠቁሙ ተብለናል፤ ጓድ ነጋሽ የእኔን ስም ጽፈዋል። «ጎበዝ የመስክ ባለሙያ» የሚል አለበት። ግልባጩን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሦስት።

የካቲት 13፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጥቼ ነበር፤ ሰኞ ጾም ስለሚገባ ሽሮና ዘይት ልገዛ። ዘይቱናን ጫት ተራ አየኋት። እርጥብ ኮባ ላይ ዘርግታ፣ በዙሪያዋ የሂርና ነጋዴዎች ከበዋት።

«የጫካ ሹም!» ብላ ጠራችኝ። «ና እንጂ። የወፏ ነው፤ ቅመስ!»

አጠገቧ ለነበሩት በኦሮምኛ የሆነ ነገር አለቻቸው፤ ሳቁ። እኔም ፈገግ ብዬ አለፍኩ። ሽሮውን ሳልገዛ ነው የተመለስኩት።

የካቲት 19

ራስ ምታት። ሥራ አልሠራሁም።

አንቀጽ ሰባትን ደግሜ አነበብኩ፦ «ይህ ድንጋጌ ከመውጣቱ በፊት ቋሚ ተክል የለማበት ይዞታ ከደኑ ክልል ውጭ ይሆናል።» ጫት ቋሚ ተክል ነው። ስለዚህ ጫት አለኝ ያለ ሰው መስመሩ ይዞረዋል፤ ይቀራል። የለኝም ያለ ከነቤቱ ይነሳል።

አዲስ ነገር አላነበብኩም። ጥር ላይም እንዲሁ ነበር የተጻፈው።

የካቲት 24

ታጁዲንን ጠየቅኩት። «ለምን ካዱ?»

ጠብመንጃውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ተቀመጠ። «ድሮ የጫካ ሰው ሲመጣ፣ ጫት አለኝ ያለውን ጫቱን ነቅሎ፣ ሰውዬውን አስሮ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የጫካ ሰው ሲጠይቅ መልሱ አንድ ነው፤ ሂን ቤክኑ። አናውቅም። አባትም ለልጅ የሚያስተምረው እሱን ነው። እኔንም አስተምሮኛል።»

«ታዲያ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»

«እርስዎ የሕጉን ነገር ለእኔ መቼ ነገሩኝ? እኔ የተረጎምኩት የተባለውን ነው። እርስዎም የጻፉት የተባለውን ነው።»

ከንዴት ይልቅ ድካም ነበር በፊቱ ላይ። ስለ አንቀጽ ሰባት ያን ጊዜ ነገርኩት። «የእናቴ እህት እዚያ ነች» አለ።

የካቲት 28

ነገ ለጓድ ነጋሽ እነግራቸዋለሁ።

መጋቢት 1

ዛሬ ስብሰባ ነበራቸው።

መጋቢት 2

ቢሯቸው ገባሁ። ስለ ችግኝ ጣቢያው አጥር አውርተን ወጣሁ።

መጋቢት 4

ደብዳቤ መጣ። ካርታው ተቀባይነት አግኝቷል፤ ለሌሎች አውራጃዎች እንደ አርአያ ይላካል። ድንጋጌው ከክረምት በፊት እንደሚወጣ ይጠበቃል። «በክልሉ ውስጥ የሚገኙ ሠላሳ አራት ቤተሰቦች ወደ ቦርደዴ ቆላ የሚዘዋወሩበት ቅድመ ዝግጅት ይደረግ።» በሌላ ወረቀት ደግሞ የጀርመኑ እጩዎች ዝርዝር፤ እኔ ሁለተኛ ነኝ።

ቦርደዴን አውቀዋለሁ፤ በአውቶቡስ ሳልፍ። ግራርና አቧራ፣ ከብትና ግመል። መልካም አገር ይሆናል፤ ለለመደው። በኩሬ ዳር በዝግባ ጥላ ጫት ያሳደገ ሰው እዚያ ምን ይተክላል?

ሁለቱን ደብዳቤዎች አንድ ኪስ ውስጥ አድርጌ ነው ወደ ቤት የሄድኩት።

መጋቢት 8

ሄድኩ። ለጓድ ነጋሽ አልነገርኩም፤ ለታጁዲን ብቻ።

ኩሬው ዳር ሰበሰብናቸው። ቆሜ ልናገር አስቤ ነበር፤ ኦቦ ሙሜ «ተቀመጥ፤ የቆመ ሰው ይቸኩላል» አሉኝ። ተቀመጥኩ። ያኔ ለመረጃ ነው ማለቴን፣ ሙሉውን አለመናገሬን፣ ሕጉን፣ አንቀጽ ሰባትን፣ ቦርደዴን፣ ሁሉንም አወጣሁት። ታጁዲን ቦርደዴ የሚለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሁሉም ግን ሰሙት።

«ቆይ፣ ኢልመ ኮ» አሉ ኦቦ ሙሜ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ጫት አለኝ ካልኩ ምን ታደርገኛለህ?»

«ከክልሉ ውጭም ቢሆን ደን መንጥረው ተከሉ ተብለው ይከሰሳሉ።»

«የለኝም ካልኩ?»

«ይነሳሉ።»

«ታዲያ ያኔ ይህን ለምን አልነገርከኝም?»

«መልሱ እንዳይጣመም ብዬ።»

በደህናው ዓይናቸው አዩኝ። «አሁን ተቃና?»

ዘይቱና ከኋላ ተነሳች። ዛሬ ሳቋ የለም። «አንተ ዓይን የለህም? ጫቱ ውስጥ ቆመህ ነበር። ቅጠሉ ኮትህን ሲነካው እኔ አይቻለሁ። እኛስ ፈርተን ዋሸን። አንተ ምን ፈርተህ ነው የጻፍከው?»

ታጁዲን ሊተረጉምልኝ አፉን ከፈተ፤ በአማርኛ እንደተናገረች ትዝ ሲለው ዘጋው።

ይህን እዚህ መጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ሦስት ጊዜ ስለ ጉሬዛና ስለ ዝናብ ጀምሬ ሰርዣለሁ። መስመሩ ቀጥ እንዲል ፈልጌ ነበር። ይኸው ነው።

ስንለያይ ኦቦ ሙሜ «ተማክረን እንልክብሃለን» አሉ። «አሰላሙ አለይኩም» ማለትን አልረሱም።

መጋቢት 12

ምንም አልላኩም። ዝናብ ጀምሯል። አዳነች ስለ ጀርመን ብርድ ትነግረኛለች፤ ወንድሟ ካፖርት ይሸጣል።

መጋቢት 15

ዛሬ ጠሩን። ቅጽና ቀለም ይዤ ወጣሁ።

በመጀመሪያ የቀረበው ሰውዬ «ጫቱን የተከለው አባቴ ነው፤ አላህ ይርሐመው» አለ። ጻፍኩ። ሁለተኛው አያቱ። ሦስተኛው አጎቱ፤ እሱም ሟች። አሥራ ዘጠኝ ሰው ሲደርስ ታጁዲን አልቻለም። «ይህ መንደር ነው መቃብር? በነፍስ ያለ ሰው የለበትም እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። እኔ ግን ብዕሬን አስቀመጥኩ። «ሕጉ ይዞታ የሚለው በሕይወት ያለ ሰው የያዘውን ነው። ሟች ደኑን ቢመነጥር አይከሰስም፤ ግን መስመሩም አይዞርለትም» አልኩ። ይህን ያመጡት ከአንድ ሳምንት ምክክር በኋላ እንደሆነ ከፊታቸው ገባኝ። ሳቁ ቆመ።

ኦቦ ሙሜ በዱላቸው ተደግፈው ተነሱ፤ መጥተው ፊት ለፊቴ ተቀመጡ።

«ጻፍ። እኔ ሙሜ ነኝ። በነፍስ አለሁ። ጫት አለኝ፤ አርባ ረድፍ። ራሴ ነኝ የመነጠርኩት። አራት ዝግባ ጥያለሁ።»

እሳቸውን ላድን መጥቼ ስለ ዛፎቹ አዘንኩ፤ ሁለቱም በአንድ ልብ ውስጥ መኖራቸው ገረመኝ። ጉቶዎቹን አሳዩኝ አልኳቸው፤ አሳዩኝ። አንዱ ሁለት ሰው ያስተኛል።

«ይቅር በለን አልልህም» አሉኝ ጉቶው አጠገብ። «ያኔ ማሽላው ሦስት ዓመት ተከታትሎ ሞተብን። ጫት አይሞትም። አንተ ብትሆን?»

አላውቅም። እውነቱን ነው የምጽፈው፤ አላውቅም።

ከዚያ ሁሉም ተከታተሉ። ያ አባቱን ጠርቶ የነበረው ሰው ተመልሶ ስሙን አስለወጠ። ሲመሽ ሠላሳ ሦስት ቅጽ በስማቸው ሞልቼ ነበር። የዘይቱና ብቻ በባሏ በመስዑድ ስም ነው፤ የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ መሬቱ አሁንም የእሱ ስለሆነ ለመለወጥ ፈራች። ከስሙ ጎን አሻራዋን አደረገች።

መጋቢት 17

የራሴን ደብዳቤ ጻፍኩ። «ጥር 27 ቀን የተሞላው መግለጫ ስህተት የተጠያቂዎቹ ብቻ ሳይሆን የእኔ ነው። ጫቱን በዓይኔ አይቼ የለም ብዬ ጽፌያለሁ።» ሁለት ጊዜ ቀድጄዋለሁ። በቀደድኳቸው ላይ «በዓይኔ አይቼ» የሚለው አልነበረም።

አዳነች ወረቀቱን ማሽኑ ላይ አድርጋ ቆመች። «በሌ፣ እርግጠኛ ነህ? ሦስት ካርቦን ነው፤ በላጲስ አይጠፋም።»

«ምቺው።»

መታችው። ካፖርቱን እንደገና አላነሳችውም።

ጓድ ነጋሽ ሁሉንም አነበቡ፤ ሠላሳ አራቱንም ቅጽ፣ አንድ በአንድ። ግማሽ ቀን ፈጀባቸው። ከዚያ አስጠሩኝ።

«ሳታስፈቅደኝ ነው የሄድከው።»

«አዎ፣ ጓድ ነጋሽ።»

«ረቂቅ አይወራም ብዬህ ነበር።»

«አዎ።»

«ጀርመንን ምን እንዳደረግካት ገብቶሃል?»

«ገብቶኛል።»

«አልገባህም። ገና ዓመት ቆይተህ ነው የሚገባህ።» ወረቀቶቹን ደረደሩ። «እኔ የደን ሕግ አስከባሪ ነኝ። ሠላሳ አራት ሰው ደን መንጥሬያለሁ ብሎ ፈርሞ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጧል። ይህን ላይ ልኬ እዚህ ዝም ማለት አልችልም። ይከሰሳሉ።»

«ጓድ ነጋሽ፣ ያመኑት እኮ እኔ ስለነገርኳቸው...»

«ሂድ አሁን።»

አሳልፌ ሰጠኋቸው። አስቀድሜ ነግሬያቸዋለሁ፤ ያውቃሉ። ማወቃቸው ግን አላቀለለልኝም።

መጋቢት 25

መጥሪያዎቹን የማዘጋጀው እኔ ነኝ፤ ቅጣቴ መሆኑ ነው። ጓድ ነጋሽ እያንዳንዱን ራሳቸው እያዩ ያስተካክላሉ። ጭካኔያቸው ያስገርማል። ለኦቦ ሙሜ «በቱሉ ሀሮ ደን ውስጥ ጫት በመትከል» ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሰርዘው መለሱልኝ። «የት? ስንት ረድፍ? ከመቼ ጀምሮ? ከሳሽ ዝርዝር ሳይጽፍ ይከሳል?» ስለዚህ እንዲህ ሆነ፦ «በሀሮ ኩሬ ምሥራቅ፣ አርባ ረድፍ ጫት ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞ በመገኘቱ።» ማህተም። ከሥሩ በራሳቸው እጅ «ግልባጭ፦ ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ ከወሰኑ ፋይል ጋር እንዲያያዝ» ብለው ጨመሩ። የእኔም ደብዳቤ አብሮ ሄደ።

የመስዑድን አወጡት። «ሟች አይከሰስም» አሉ። ዘይቱና ቢያንስ ተረፈች።

ሚያዝያ 4

ሕማማት ገብቷል። ዛሬ መጥሪያዎቹን አደረስኩ። ከቤት ቤት በጭቃ።

እያንዳንዱን ሳስረክብ ይሰድቡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ኦቦ ሙሜ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። «አንብብልኝ።»

አነበብኩ። ግንቦት 20 ቀን ፍርድ ቤት እንዲቀርቡ ይላል።

«ከላይኛውን ድገምልኝ።»

«በሀሮ ኩሬ ምሥራቅ፣ አርባ ረድፍ ጫት ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ ይዞ በመገኘቱ።»

«ይዞ ይላል?»

«ይላል።»

«ማህተሙ የመንግሥት ነው?»

«የመንግሥት ነው።»

ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፈው በላስቲክ ጠቀለሉት። ከሣጥናቸው ውስጥ፣ ከቁርአኑ አጠገብ አስቀመጡት። «አባቴ ስልሳ ዓመት እዚህ ኖሮ እንዲህ ያለ ወረቀት አላገኘም» አሉ። መጀመሪያ የቀለዱ መስሎኝ ነበር።

ታች ስወርድ ሦስት ሰዎች መንገድ ላይ ቆመው መጥሪያቸውን ያስተያያሉ። አንዱ ስሙ በትክክል መጻፉን እንዳረጋግጥለት ለመነኝ። አንድ ፊደል ጎድሎት ነበር፤ እዚያው አስተካክዬ ፈረምኩበት። አመሰገነኝ። የከሰስኩት ሰው አመሰገነኝ።

ሚያዝያ 14

ትናንት ከዋናው መሥሪያ ቤት ቴሌግራም መጥቶ ኖሯል። «የቱሉ ሀሮ ወሰን በክስ ላይ ያለ ይዞታ ስለተገኘበት በዚህ ድንጋጌ አይካተትም። የተከሳሾቹ ይዞታ ተለክቶ ሁለተኛ ካርታ በአንድ ወር ይላክ።» ጓድ ነጋሽ ዛሬ ለእኔ ሰጡኝ። በሌላ ወረቀት ለጀርመን የተመረጡት ስም አለ። የእኔ የለም። አዳነች ደብዳቤውን ከሌሎቹ በታች ደብቃው ነበር፤ ማየቴን ስታውቅ ሻይ አዘዘችልኝ።

ሻዩን ሳልጨርስ ከበሩ ጩኸት ሰማን። ዘይቱና ናት። ታጁዲን ሊያስቆማት ይሞክራል።

«ልቀቀኝ! የጫካውን ሹም ነው የምፈልገው!»

ገባች። ነጠላዋ በዝናብ ርሷል፤ ከሀሮ በእግሯ ነው የመጣችው።

«እኔ ምን አጥፍቼ ነው ያልከሰስከኝ?»

«መሬቱ በመስዑድ ስም ስለሆነ...»

«መስዑድ ሞቷል! ጫቱን የምኮተኩተው ማነው? የምለቅመው ማነው? ሁሉም ወረቀት አለው፤ ሙሜ ሣጥን ውስጥ ቆልፎበታል፤ ያ ሰነፍ ጎረቤቴ እንኳ አለው። ተከሳሽ ብቻ ይለካል አሉ። እኔስ? ቦርደዴ ብቻዬን ልሂድ?»

ቴሌግራሙ ኪሴ ውስጥ ነበር። ወሬው እንዴት ቀድሞኝ ሀሮ እንደደረሰ አልጠየቅኩም፤ ታጁዲን ጣሪያውን ያይ ነበር።

ጓድ ነጋሽ ከውስጥ ቢሯቸው «ምንድነው?» አሉ።

«ተከሳሽ ነኝ የምትል ሴት ናት» አልኩ።

«እንግዲያው በራሷ ስም ክሰሳት» አሉ።

ቅጽ አወጣሁ። «ስንት ረድፍ ነው?»

«ሃያ ስድስት።»

መጻፍ ጀምሬ አቆምኩ። ባዶ ቅጽ፣ የተነገረኝ መልስ፣ የተዘጋጀ ቀለም። ብድግ ብዬ ገመዱን ከምስማሩ አወረድኩ።

«ምነው? አታምነኝም?» አለች።

«ሄደን እንቁጠረው።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ዳገት ወጣን። ዝናቡ ሲያባራ ጉም ወረደ። እሷ የገመዱን ጫፍ ያዘች፤ እኔ በረድፎቹ መሐል እየሄድኩ ጮክ ብዬ ቆጠርኩ። ሃያ ሦስት ድረስ ግንዱ ክንድ ያህላል። የመጨረሻዎቹ ሦስት ረድፎች የጣት ውፍረት ቅርንጫፎች ናቸው፤ በዙሪያቸው አፈሩ ገና ትኩስ ነው፣ የእጇ ጣቶች ምልክት አለበት። ከዚያ ወዲያ ዝግባው ይጀምራል።

ሃያ ሦስት ብዬ ጻፍኩ።

«ሦስቱን በላህብኝ» አለች። ተቆጥታለች፤ ግን አውራ ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ አሻራዋን አደረገች፣ ጠንክራ፣ ወረቀቱ እስኪሰረጉድ። ቀይ ቀለሙን አንስቼ ከሃያ ሦስተኛው ረድፍ ወዲያ ያለችውን የመጀመሪያዋን ዝግባ ቀባሁ። መስመሩ እዚህ ጋ ይጎብጣል።

ዘይቱና ምልክቱን አየችው፤ ሦስቱን ረድፎቿን አየች።

«ለከርሞም ና» አለችኝ። «መጥተህ ቁጠር።»

እመጣለሁ አልኳት።